ሌሊት ነጭ፣ ጠዋት ጉም፦ ከመስኮት ጀርባ የተተከለ ካሜራ

ጥያቄ፦ «በመስኮቴ ውስጠኛ ወገን የዋይፋይ ካሜራ ተክዬ፣ ውጭ 4 ሜትር ርቆ የተሰቀለውን የወፎች መመገቢያ በቀጥታ እከታተላለሁ፤ ለወዳጆቼም አስተላልፋለሁ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን ሌሊት ስክሪኑ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ ጠዋት ደግሞ መስታወቱ አልቦት ምንም አይታይም። ሌሊት የሚመጣ ቀበሮ እንዳለ ከዱካው አውቃለሁ፤ እንቅስቃሴ ሲኖር እንዲያሳውቀኝ ያዘዝኩት ማንቂያ ግን አንድ ቀንም ሠርቶ አያውቅም። ቀን ወፎቹ ቢታዩም ነጥብ ነው የሚያክሉት። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሁለት ወፎች መስኮቱን ገጭተው ወደቁ። የተሻለ ካሜራ ልግዛ?»

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ከዘረዘሯቸው አምስት ችግሮች አራቱ የመስታወቱ ናቸው፤ አንዱ የርቀት ነው። አዲሱንም ካሜራ እዚያው ቦታ ላይ ቢያስቀምጡት ያንኑ ነጭ ስክሪን ነው የሚያሳይዎት።

ከሌሊቱ እንነሳ። ሲመሽ ካሜራው በሌንሱ ዙሪያ ያሉትን የኢንፍራሬድ (ለዓይን እምብዛም የማይታይ ብርሃን) አምፖሎች ያበራል። አንድ የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ባለ ሁለት ንብርብር መስኮት አራት ገጽ ስላለው የሚመለሰው ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አምፖሉ ከመስታወቱ የሚርቀው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቀበሮው ያለው 4 ሜትር ላይ ነው። ከቀበሮው ፀጉር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከመስታወቱ ነጸብራቅ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ካሜራውም ነጸብራቁን አይቶ «በቂ ብርሃን አለ» ብሎ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ይቀንሳል፤ ውጭ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የኢንፍራሬድ መብራቱን ያጥፉ። ማጥፊያ ከሌለው አምፖሎቹን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነው በላዩ ጥቁር ናስትሮ ይለጥፉበት፤ ናስትሮ ብቻውን ኢንፍራሬድ ሊያሳልፍ ይችላል። ሲሸፍኑ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የብርሃን ሴንሰር እንዳይደርቡባት ይጠንቀቁ። እሷ ከተሸፈነች ካሜራው ቀኑንም ሌሊት ይመስለውና ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ካጣበቀ በኋላ አምፖሎቹን እንደበሩ ይተዋቸዋል። ይህ አይሠራም፤ ብርሃኑ በመስታወቱ ውፍረት ውስጥ እየተንሸራተተ ከሁለተኛው ንብርብር ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

መብራቱ መውጣት ያለበት ወደ ውጭ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ውሃ የማያስገባ የኢንፍራሬድ መብራት ለብቻው ይገኛል። ከሌንሱ በጎን ቢያንስ 1 ሜትር አርቀው ወደ መመገቢያው አዙረው ይስቀሉት፤ አዳፕተሩ ቤት ውስጥ ይቆይ። ጎን ለጎን ማራቁ ለነጸብራቅ ብቻ አይደለም፤ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት ከሌንሱ አጠገብ የበራ መብራት እያንዳንዱን ብናኝ ነጭ መስመር አድርጎ ያሳያል። ሲገዙ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት የሚለዩ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። የ850 ናኖሜትሩ ርቆ ያበራል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። የ940ው ለዓይን አይታይም፤ በተመሳሳይ ዋት የሚደርሰው ግን ወደ ቅርብ ነው። ለ4 ሜትር 940 ይበቃል፤ ቀበሮንም አያስደነግጥም። መብራቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ በስልክዎ የፊት ካሜራ ይዩት፤ አብዛኞቹ ስልኮች ሐምራዊ ወይም ነጭ አድርገው ያሳዩታል።

ውጭ መብራት ተክለውም ሥዕሉ ከጨለመ መስታወቱ ሙቀት እንዳይወጣ በስስ ብረት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅብ የኢንፍራሬዱን ብርሃን በከፊል ይመልሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማታ የስልክ መብራት ወደ መስታወቱ አስጠግተው በጎን ሲያዩ ከባለ ሁለት ንብርብር መስኮት አራት ነጸብራቅ ይታያል፤ አንዱ ከሌሎቹ በቀለም ከተለየ ቅብ አለ። እንዲህ ባለው መስኮት ጀርባ ሆኖ በኢንፍራሬድ ጥሩ የሌሊት ሥዕል ማግኘት ከባድ ነው። ለሌሊቱ ሥራ ካሜራውን ራሱን ማውጣት ይሻላል። ይህን መስኮት የሚያልፍ ዋይፋይም በዚያው ቅብ የተነሳ በጣም ስለሚዳከም፣ የሚወጣው ካሜራ በኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ መረጃውንም ኃይሉንም ያደርሳል። ገመዱ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ እንዲወጣ ያድርጉት፤ ውሃው ከመታጠፊያው ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት አይገባም።

በባትሪና በፀሐይ ኃይል የሚሠሩትን ግን ለብርድ ወራት አልመክርም። ሊቲየም አዮን ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ቢደረግ ውስጡ ስለሚጎዳ ጥሩዎቹ ካሜራዎች ራሳቸው ቻርጁን ያቆማሉ። ፀሐይ እያለ ባትሪው የሚያልቀው በዚህ ነው።

ማንቂያው ለምን ዝም አለ? የብዙ የቤት ካሜራ ማንቂያ የሚሠራው የገላን ሙቀት በሚለይ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር የሚያየው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን የሙቀት ሞገድ ሲሆን ተራ መስታወት ይህን ጨርሶ አያሳልፍም። ለእኛ ጥርት ያለው መስኮት ለሴንሰሩ ግድግዳ ነው። በሴቲንጉ ውስጥ በሥዕል ለውጥ የሚሠራውን የእንቅስቃሴ መለያ ይምረጡ፤ ክልሉንም መመገቢያውንና ከሥሩ ያለውን መሬት ብቻ አድርገው ይክለሉ። የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ከገባበት ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ስልክዎ ይጮኻል። ካሜራው የሙቀት ሴንሰር ብቻ ያለው ከሆነ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ማንቂያ እንዲሰጥ አይጠብቁ።

አሁን ወደ ላቡ። መስታወቱን በጣትዎ ይንኩ፤ ጉሙ የቱ ጋ እንዳለ ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ጣትዎ ከጠረገው ከውስጥ ነው። ከውጭ ከሆነ የጠራ ሰማይ ባለበት ሌሊት የውጩ ገጽ ከአየሩ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል፤ መስኮቱም ሙቀት እንደማያሾልክ ምስክር ነው። ከሁለቱም ወገን የማይጠረግ ከሆነ በንብርብሮቹ መካከል ገብቷል፤ ማሸጊያው ሞቷልና መስታወቱን ከማስቀየር ሌላ መላ የለውም።

የእርስዎ የውስጡ ሳይሆን አይቀርም። 20 ዲግሪ የሞቀ፣ 50 በመቶ እርጥበት ያለው ክፍል አየር 9 ዲግሪ አካባቢ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ጤዛ ይጥላል። እርጥበቱ 40 በመቶ ሲሆን ወደ 6፣ 30 በመቶ ሲሆን ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል። ውጭ 0 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት የነጠላ መስታወት ውስጠኛ ገጽ 5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የተራ ባለ ሁለት ንብርብሩ 12 ወይም 13። ስለዚህ ነጠላ መስታወት በ40 በመቶም ያልበዋል። ባለ ሁለት ንብርብሩ በ0 ዲግሪ ሌሊት ካላበው ወይ ክፍሉ በጣም እርጥብ ነው፣ ወይ ሙቀቱ ወደ መስታወቱ አይደርስም። ሁለተኛውን ምክንያት ብዙዎች ይረሱታል። ማታ ወፍራም መጋረጃ ሲዘጋ ካሜራው ከመጋረጃው ጀርባ በቀዝቃዛ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ ጠዋት ጉሙ የሚጠብቅዎት እዚያ ነው። ካሜራው ባለበት በኩል መጋረጃውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዉ። እርጥበት መለኪያ ገዝተው ክፍሉን በ40 በመቶ አካባቢ ለማቆየት ይሞክሩ፦ ልብስ እዚያ አይስጡ፣ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ መስኮት ከፍተው ያናፍሱ። አሁንም ካላበው፣ ባለ 80 ሚሊ ሜትር የኮምፒውተር ፋን በመስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነፍስ ማድረግ የካሜራውን ፊት ለማድረቅ ይበቃል።

የክፍሉ መብራት በመስታወቱ እንዳይንጸባረቅ ለሌንሱ አንገት ይሥሩለት። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጥቁር ስፖንጅ ቀለበት ቆርጠው በሌንሱና በመስታወቱ መካከል ያስገቡ። ካሜራው መስታወቱን ፊት ለፊት ይይ፤ አጋድለው ካስቀመጡት በሁለቱ ንብርብር የተነሳ ሥዕሉ ድርብ ይሆናል። ቀለበቱ አንድ መዘዝ አለው፦ የታፈነው የክፍል አየር እዚያው ያልበዋል። ትንሽ የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ከረጢት ቀለበቱ ውስጥ ከሌንሱ እይታ ውጭ ያስገቡ። ሲጠግብ ፍሬዎቹን ከከረጢቱ አውጥተው በ110 ዲግሪ ምድጃ ለ2 ሰዓት ካደረቋቸው እንደገና ይሠራሉ።

ነጥብ የሚያክሉትን ወፎች በተመለከተ ጉዳዩ የሂሳብ ነው። የተለመደው ካሜራ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው። በ4 ሜትር ርቀት 7.7 ሜትር ስፋት ያያል። ሥዕሉ በወርዱ 1920 ፒክሰል ቢኖረው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ የሚደርሳት 37 ፒክሰል ብቻ ነው፤ በዚህ ክንፍና ጅራት አይለይም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢሆን 160 ፒክሰል ባገኘች ነበር። ግን ሌንስ ከመቀየር በፊት መመገቢያውን ወደ 1 ሜትር ያቅርቡት፤ ያው 2.8ቱ ሌንስ 150 ፒክሰል ያህል ይሰጥዎታል፣ ያለ ምንም ወጪ። ወፎቹ ለአንድ ሁለት ቀን ይፈራሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ግማሽ ሜትር ያህል ያስጠጉት። ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ግን አያቅርቡት፤ ፎከሱ ቋሚ የሆነ ካሜራ ያን ያህል ቅርብ ሲሆን ይደበዝዛል።

ሁለት የሴቲንግ ነገሮች ይጨመሩ። መሬቱ በረዶ ሲለብስ ካሜራው ነጩን ግራጫ አድርጎ ወፉን ያጠቁረዋል፤ ኤክስፖዠሩን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ሸተሩ (ለእያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በ1/30 ሰከንድ ከቆመ የምትለቅም ወፍ ጭንቅላት ይደበዝዛል፤ በቂ ብርሃን ሲኖር 1/250 ያድርጉት።

ስርጭቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። 1080 ጥራት በሰከንድ 15 ፍሬም (ሥዕል) ከሆነ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይበቃዋል፤ የመላኪያ መስመርዎ ግን የዚህ እጥፍ ይኑረው። በየ2 ሰከንዱ አንድ ሙሉ ፍሬም (ሌሎቹ የተለወጠውን ብቻ የሚይዙ ናቸው) እንዲላክ ያድርጉ፤ አለዚያ አዲስ ተመልካች ሲገባ ሥዕሉ እስኪከፈት ይጠብቃል። 2 ሜጋቢት ሌት ተቀን ሲሄድ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይበላል፤ መስመርዎ ገደብ ያለው ከሆነ ወፎች በማይኖሩበት ሌሊት ስርጭቱን ዘግተው ቀበሮውን ለራስዎ ብቻ ይቅረጹ። ማይክሮፎኑንም ያጥፉ፤ የቤትዎ ወሬ ለወዳጆችዎ መተላለፍ የለበትም።

መመገቢያውን ማቅረቡ የሚገጩትንም ወፎች ያድናል። አደገኛው ርቀት አሁን ያለበት ነው። ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ተነስታ የምትበር ወፍ ገና ፍጥነት ስላልያዘች ብትነካውም ብዙ አትጎዳም፤ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ወደ መስኮቱ የመብረሯ ዕድል ይቀንሳል። ወፏ የምታየው በውጩ ገጽ ላይ የሚንጸባረቀውን ሰማይና ዛፍ ስለሆነ ምልክት የሚለጠፈው ከውጭ ነው። አንድ ትልቅ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ በዳርና ዳሩ ትገባለች። የሚሠራው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ነጠብጣቦች ናቸው፤ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ፣ በመስታወቱ ሙሉ ገጽ።

ተገጭታ የፈዘዘች ወፍ ካገኙ መተንፈሻ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ያቆዩአት፤ ውሃም ጥሬም አይስጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጭ ሆነው ካርቶኑን ይክፈቱላት። ካልበረረች የዱር እንስሳት ሐኪም ይፈልጉላት።

ነጠብጣቦቹ ካሜራውን ይጋርዱብኛል ብለው አይስጉ። ሌንሱ ያለችበት የስፖንጅ ቀዳዳ በአራት ነጠብጣቦች መካከል ባለው የ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጠብጣቡን ይለጥፉ፤ ካሜራውን ከዚያ በኋላ ይትከሉ።