«ባዶ ቦታ» የተባለችው ዛፋችን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈራችን እናቶች ዕቁብ የሚጥሉባት፣ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁባት ዛፍ አለች። ለአዲሱ ፕላን የተሠራው ካርታ «ባዶ ቦታ» ይላታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለካ ካርታ ሠሪው በቀትር ነው የመጣው! ድሬ ሰው የሚወጣው ፀሐይ ሲበርድ አይደል? ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር በባቡሩ ዘመን በማስመሪያ የተሰመረ ስለሆነ ለካርታ ይመቻል። ሐረር ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በቅርስነት ሲመዘግበው ግንቡና 82 መስጊዶቹ ቆመው ይታያሉ። የእናንተ ቅርስ ግን ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ሰው ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ቦታዋን በስልክ መዝግቡ፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቀመጥባት እናቶቹ ራሳቸው ያስጽፉ። የዕቁቡን ገንዘብ መጠን አትጻፉ፤ ለፕላን አይጠቅምም። ፕላኑ ሳይጸድቅ በደብዳቤ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ።