መልስ፦ ዶልፊን ካለ ሻርክ አይነካኝም?
ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የምትመላለሰው ወንድሜ፣ «ስዋኝ ዶልፊን ካየሁ ከሻርክ ተረፍኩ ማለት ነው?» ላልከው፦ አይደለም። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ኒውዚላንድ ውስጥ ዶልፊኖች አራት ዋናተኞችን ለ40 ደቂቃ ያህል ከበው አላንቀሳቅስ ብለዋቸዋል፤ ትልቅ ነጭ ሻርክ በአቅራቢያቸው ነበር። ዶልፊን የሚተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ስለዚህ የደከመ ጓደኛውንም ሆነ ግልገሉን እንዳይታፈን ከሥር ደግፎ ወደ ላይ ያወጣል። ለሰውም ያንኑ የሚያደርግ ይመስለኛል፤ እንዴት የሚያስደንቅ ፍጥረት ነው! ግን ይህን የምንሰማው ከተረፉት ብቻ ነው፤ ወደ ጥልቁ የተገፋ ሰው ተመልሶ አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1994 ብራዚል ውስጥ ሰዎች ሲያስቸግሩት የነበረ ዶልፊን አንድ ሰው ገድሏል። 50 ሜትር ራቅ በል፤ አትመግበው፣ አትንካው። ውኃውን በጅራቱ ደጋግሞ ከመታ ወይም መንጋጋውን ካጋጨ ተቆጥቷል፤ ሳትንቦጫረቅ ቀስ ብለህ ውጣ።