64ቱንም ፎቶ አየኋቸው

ከደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ሦስት ዓመት ሠርግ፣ ምረቃና ጥምቀት ሲያነሳ ቆይቷል። የአክስቱ ልጅ ደግሞ ሞዴል መሆን ትፈልጋለች። እሱ አንሺ፣ እሷ ተነሺ ሆነው 64 ፎቶ ያለው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ማሳያ ስብስብ ሠሩ። ቴሌግራም ላይ ሲለቁት «ያምራል»፣ «ዋው»፣ «ምርጥ» ዘነበላቸው። ከዚያ ባሕር ዳር ሄደው ለአንድ የቆየ ፎቶ አንሺ አሳዩት። ሰውየው አምስት ነገር ተናገረ። «64 ፎቶ ማንም አያይም። የጥምቀቱ ላይ ፊቷ የለም። አፍንጫዋን አበላሽተኸዋል። ጥቁርና ነጭ አልወድም። አንተ ደግሞ ፎቶ አንሺ አትሆንም።» ልጁ የሚጠይቀኝ ይህን ነው፦ «እትዬ፣ ሰውየው እውነቱን ነው ወይስ ቀንቶብኝ ነው? የአክስቴ ልጅስ ከስብስቡ የትኞቹን ላስወግድ ትለኛለች፤ ደፍሬ ብነግራት ትቀየመኛለች ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን ስለላክህልኝ አመሰግናለሁ። ሁሉንም አየኋቸው፣ አንዳንዶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሼ። ሥራዬ ሰው ሥራ እንዲያገኝ ማማከር ነው። የአንሺም የተነሺም ብዙ ፖርትፎሊዮ በእጄ አልፏል፤ የትኛው መልስ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ሳይከፈት እንደሚቀር አይቻለሁ። ስለዚህ በግልጽ እነግርሃለሁ።

ሰውየው ያለህን መጀመሪያ እንለያየው። ሦስቱ ትችት ናቸው። አንዱ የግል ምርጫው ነው። አንዱ ስድብ ነው። አንተ ግን አምስቱንም በአንድ ከረጢት ከተህ ደብረ ማርቆስ ድረስ ተሸክመሃቸው መጣህ፤ ለዚህ ነው የከበደህ።

ስድቡን እዚያው ጣለው። «ፎቶ አንሺ አትሆንም» ያለ ሰው ስለ ፎቶህ ምንም አልነገረህም፤ ነገ ካሜራ ስታነሳ ምን እንደምትቀይር የሚያሳይህ ነገር የለበትም። ጥቁርና ነጩም የእሱ ጣዕም ነው። ሽሮ አልወድም የሚል ሰው ስላለ ሽሮው ተበላሽቷል አይባልም። ግን «ለምን?» ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። «የቀሚሱ ጥለት ቀለም ጠፋብኝ» ቢልህ ነገሩ ይቀየራል። ለልብስ ሰፊዎች ልታሳየው ባሰብከው ፎቶ ላይ ጥለቱ ካልታየ፣ ያ ጣዕም መሆኑ ይቀርና ትችት ይሆናል።

አሁን ወደ ሦስቱ። እዚህ ላይ ሰውየው እውነቱን ነው፣ አነጋገሩ ቢከፋም።

የጥምቀቱን ፎቶ ክፈተው። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላዋ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። ካሜራ ነጭ ነገር ነጭ መሆኑን አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ነጠላው ይደበዝዛል፣ የልጅቷ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ ላይ ታቦቱ ሲመለስ፣ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ነው ያነሳሃት፤ ከጥላዋ ያስታውቃል። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ቀጥ የምትልባቸው ቀናት አሉ፤ በጥርም ቢሆን ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ይጥላል። ዓይን ከሌለ ሰው የለም። «ፊቷ የለም» ያለህ ይህን ነው፤ ምክንያቱን ስላልነገረህ ግን ስድብ መሰለህ።

መፍትሔውስ? ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ለካ፣ ከነጠላው ላይ አትለካ። ወይም ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) በአንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ ሞክር፤ የነጠላው ነጭ እንዳይቃጠል ግን እያየህ። ከሁሉም የሚቀለው ዛፍ ጥላ ሥር አስገብተህ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ማዞር ነው። አንድ ጓደኛህ ነጭ አንሶላ ከፊቷ ዝቅ አድርጎ ቢይዝልህ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን ይገባል። ከቻልክ ደግሞ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ አንሳ።

የአፍንጫው ነገር። ከፋይሎቹ እንዳየሁት የቅርብ ፎቶዎቹን ሁሉ ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ፣ 18 ሚሊሜትር ላይ፣ በሰፊው በኩል አድርገህ ነው ያነሳሃቸው። ሰፊ ሌንስ ፊት እንዲሞላ በጣም ያስጠጋሃል። ስትጠጋ ለካሜራው የሚቀርበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያ አፍንጫ የእሷ አይደለም፤ አንተ የቆምክበት ቦታ የሠራው ነው። ሌንሱን 55 ላይ፣ በሚያቀርበው በኩል አድርግና ወደ ኋላ ሂድ። በስልክ የምታነሳም ከሆነ ወደ ኋላ ሸሽተህ ሁለት እጥፍ አቅርብ። ይህን ለእሷም ንገራት፣ እባክህ። «አፍንጫዬ አይሆንም» ብላ እያሰበች ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች እንዲህ ባለ ፎቶ ምክንያት ራሳቸውን ጠልተዋል፣ ጥፋቱ የሌንስ ሆኖ ሳለ።

64ቱን በተመለከተ ብዙ አልልህም። 12 ይበቃል፣ ቢበዛ 15። ሥራ ሰጪ አንተን የሚመዝንህ በደካማው ፎቶህ ነው፤ ደካማውን እንደ ጥሩ ቆጥረህ ማስገባትህ ዓይንህን ይናገርብሃልና። የሠርጉን ለብቻ፣ የሞዴሊንጉን ለብቻ አድርገው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ቴሌግራም ላይ «ያምራል» ያሉህ ሰዎች ዋሽተውህ አይደለም። ይወዱሃል። ይሉኝታ አለባቸው። አንተም «እዩልኝ» ብቻ ነው ያልካቸው፤ ለ«እዩልኝ» መልሱ «ያምራል» ነው፣ ሌላ ምን ሊሉህ ይችላሉ? ጥያቄውን ቀይረው። «ለልብስ ሰፊ ላሳየው ነው፤ ከነዚህ 20 ፎቶዎች መጀመሪያ የትኛዎቹን አምስት ታስወግዳለህ? ለምን?» በለው። ሰው እንዲያወጣ ፈቃድ ስትሰጠው ይሉኝታው ይለቀዋል። ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቅ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ። ሁለቱ ያለ ምክክር አንዱን ፎቶ ካወጡት፣ ልብህ ቢያምህም ይውጣ።

በይሉኝታ የተበላሸ ነገር እኔም ዘንድ አለ። ከዓመታት በፊት አንዲት ተመራቂ ፖርትፎሊዮዋን ይዛ መጣች። ፊቷ በኤዲት የተለሰለሰ፣ የማይታወቅ ነበር። እናቷም አብረዋት ተቀምጠው ስለነበር አፈርኩና «ጥሩ ነው፣ ላኪው» አልኳት። ላከችው። ወራት ጠበቀች፣ ማንም አልመለሰላትም። በኋላ ተመልሳ «ያኔ አይተሽው አልነበር፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እስከ ዛሬ ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ። ለዚህ ነው አንተን እንዲህ በዝርዝር የማስቸግርህ።

ደግሞ አንተ የጎጃም ልጅ ነህ። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ሰው ትችትን ከውጭ የመጣ ነገር ማድረግ የለበትም። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ታውቃለህ። ለብቻው ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ነገራ የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ቤቱ የት እንዳልመታ፣ ምሥጢሩ የት እንደላላ፣ ሰሙ ከወርቁ የት እንደተለያየ እዚያው ያርሙታል። ተማሪው «ጌታዬ፣ ትናንት ስላመመኝ ነው» ብሎ አይከራከርም። ሰምቶ ይሄዳል፣ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከሁለት መስመሯ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እየታረመ ነው። አንድ ነገር አስተውልልኝ፤ የሚታረመው ቅኔው ነው። ደግሞ ቦታው ተጠቁሞ ነው የሚታረመው።

ባሕር ዳር ሄደህ አንተ ያደረግከው ሌላ ነው። በደብዳቤህ እንደጻፍከው ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ ሰጥተሃል፤ ያን ቀን ደመና ነበር፣ ሌንሱ የጓደኛዬ ነው፣ እሷ ደክሟት ነበር። አስተያየት ሰጪ ይህን ሲሰማ ይደክመውና ወይ ዝም ይላል ወይ ይቆጣል። በሚቀጥለው ደብተር ይዘህ ሂድ። እሱ ሲናገር ጻፍ፣ አትመልስ። ያልገባህን ብቻ «የቱ ጋ? አሳዩኝ» በል። ከዚያ ሁለት ቀን አሳድረው፤ ያኔ የተናደድክበት ነገር አንዳንዱ እውነት ሆኖ ታገኘዋለህ። ቦታውን ማሳየት ያቃተው ሰው ካጋጠመህ ደግሞ አመስግነህ ውጣ።

የአክስትህን ልጅ በተመለከተ። ትቀየመኛለች ብለህ መፍራትህ ይገባኛል፤ ዘመድ ናት፣ ነገ ለቅሶም ሠርግም ላይ ትገናኛላችሁ። ግን እውነቱን ካንተ ካልሰማች ከማታውቀው ሰው ትሰማዋለች፣ ያ ደግሞ ይብስ ይከፋል። ለብቻችሁ ተቀመጡ፤ ግሩፕ ላይ አይሁን፣ ቤተሰብ ፊትም አይሁን። ፎቶዎቹን የሰፈር ፎቶ ቤት በትንሹ አሳጥባችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። መጀመሪያ እሷ ታውጣ። አንተ ልትነግራት ከምትፈራቸው ግማሾቹን ራሷ ታወጣልሃለች፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ለቀሩት፣ ስለ ፎቶው ተናገር፣ ስለ ሰውነቷ አትናገር። «ወፍረሻል» ትችት አይባልም። «እዚህ ጋ ክንድሽን ከጎንሽ ስላጣበቅሽው ቀሚሱ ቅርጹ ጠፍቷል፤ ትንሽ ብታርቂው» ግን የምትሠራበት ነገር ነው። የራስህን ድርሻም አትደብቅ። የጥምቀቱም የአፍንጫውም ያንተ ጥፋት ነውና ከዚያ ጀምር። አንሺው ራሱን ካረመ ተነሺዋ ለመስማት ይቀላታል።

ስለ ፊልተሩም ንገራት። ከ64ቱ ከ20 በላይ ላይ ቆዳዋ ከራሷ ቀለም ነጥቷል። ይህ ነገር ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፣ ካርዱ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው፤ የጠቆረ ቆዳ ደግሞ ዝርዝሩን አጥቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያ ችግር ከካሜራው ብዙ ተቃልሏል፣ እኛ ግን በስልክ በገዛ እጃችን እየመለስነው ነው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቴ ላውደር ገጽታ ሆና ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ያገኘችው በራሷ ቆዳ ነው። መልማዮችም ከምንም በፊት የሚጠይቁት ያልተነካ ፎቶ ነው፦ ያለ ሜካፕ፣ ፀጉር ወደ ኋላ ታስሮ፣ ከሰውነት ልክ የሆነ ተራ ልብስ፣ ባዶ ግድግዳ፣ የመስኮት ብርሃን። ከፊት፣ ከጎን፣ ሙሉ ቁመት። ከሥሩ ቁመቷ፣ የወገብና የዳሌ ልኳ፣ የጫማ ቁጥሯ። እናንተ 64 ፎቶ ስታነሱ ይህን አንድም አላነሳችሁም፤ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሥራ ነው።

አስተያየት እሰጥሻለሁ ብሎ ሆቴል ክፍል የሚጠራ፣ የውስጥ ልብስ ፎቶ በስልክ ላኪ የሚል፣ ወይም ለመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ካለ መልስ እንኳ አትስጠው። ደህና ኤጀንሲ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ካስገኘው ሥራ ላይ ነው። እሷ አስተያየት ልትቀበል ስትሄድ አንተ ወይም እህቷ አብራችኋት ሂዱ።

ገበያ ላይ ያነሳሃቸውን ባልቴት ፎቶም ከስብስቡ አውጣው፣ ወይም ተመልሰህ አስፈቅዳቸው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ማባዛትም መሸጥም ይከለክላል። ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር እንዳልወደዱት ይናገራል።

12 ፎቶ መርጠህ ላክልኝ፣ ያልተነኩትን የእሷን ሦስት ፎቶዎች ጨምረህ። ከመላክህ በፊት ከእያንዳንዱ ሥር ለምን እንዳስቀመጥከው በአንድ መስመር ጻፍ።

የእንጅባራዋን ግን እንዳታወጣት። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያነሳሃትን ማለቴ ነው። የማታ ብርሃን ከጎን ገብቶ የጉንጯን አጥንትና የፈረሱን አንገት በአንድ መስመር አውጥቷቸዋል። አቧራው ከኋላ ሕዝቡን ሸፍኖልሃል። እጇ ልጓሙ ላይ ሥራ ስላገኘ በሌሎቹ ላይ እንዳለው አልተጨናነቀም። ካሜራውን ረስታዋለች። አንደኛ ላይ አድርጋት።