የሳቁን ቦታ በእርሳስ አስምሩበት

ወደ መድረክ የምትመጡ ልጆቼ፣

ስሜን አታውቁትም፤ አይገርመኝም። ፊቴን ግን አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ቴአትሩ መሀል ላይ ሳታንኳኳ በር ከፍታ የምትገባው፣ ተቀመጪ ሳትባል ቡና የምትጠይቀው ጎረቤት እኔ ነኝ። አማት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ደላላ፣ ለቅሶ ቤት እየበላች የምታለቅስ ዘመድ ስሆን ኖሬያለሁ። በአንድ ምሽት መድረክ ላይ የምቆየው ዐሥር ደቂቃ ቢሞላ ነው። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምገኘው «እና ሌሎችም» ከሚለው ውስጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሰፈራችን ሲነሣ አልጋውና ቁም ሳጥኑ በአንድ ቀን ተጫነ። አልጋ ሥር የነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በስቴንስል የተባዙ ተውኔቶች፣ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ፎቶዎች፣ ለትርኢት ክፍለ ሀገር ስንወርድ ለእናቴ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጥርሱ የአማቲቱ ነው።

ተውኔቶቹን ስገልጥ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ከሚያስቀው ቃል ሁሉ አጠገብ በእርሳስ መስመር የማስመር ልማድ ነበረኝ፤ አጭር መስመር ፈገግታ፣ ረጅም መስመር ሳቅ፣ ክብ ደግሞ ዝምታ። የቅዳሜው ከእሑዱ ጋር አይገጥምም። የእሑድ ተመልካች ቤተሰቡን ይዞ ስለሚመጣ፣ ስለ አማት ሲነገር መጀመሪያ ጎኑ ያለውን ሰው ያያል፣ ከዚያ ነው የሚስቀው። ስለዚህ እሑድ አንድ ትንፋሽ መጠበቅ ነበረብኝ። ሳቁ እንደጋለ ከተናገራችሁ ቀጣዩ ቃል ይዋጣል፤ ጨርሶ እስኪበርድ ከጠበቃችሁም ምድጃውን እንደገና ማንደድ ነው። ግማሽ ሲወርድ ግቡ። ይህን ማንም አዘጋጅ ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከመስመሮቹ ነው የተማርኩት።

አንዱ ገጽ ላይ የሳንሱር ቀይ እስክሪብቶ አለ። ስለ ስኳር ወረፋ የምናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ተሰርዛለች። ከጎኗ በእኔ ጽሕፈት «ትከሻ» ይላል። ቃሉን ሲከለክሉኝ እዚያች ቦታ ላይ ትከሻዬን ሰብቄ ዝም አልኩ። መስመሩ በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይረዝማል።

ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። በቀደመው ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ። አሮጊት ሲሆኑ እንዴት ይራመዱ ነበር? ወገባቸውን ይይዙ ነበር ወይስ ጉልበታቸውን? ለእኔ የደረሰኝ ከታላላቆቼ አፍ የሰማሁት ብቻ ነው። አንድ ገጽ ማስታወሻ ቢተዉልኝ ኖሮ!

በቅርቡ አንዲት የቴአትር ተማሪ ስለ ሜሪ ዊክስ ነገረችኝ። አሜሪካዊት ናት፤ ዉፒ ጎልድበርግ መነኩሲት መስላ በምትደበቅበት ፊልም ላይ ያለችው ኮስታራ አሮጊት መነኩሲት። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ተከራይተን አይተናታል። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የብሮድዌይ መድረክ ላይ የአንድ ነጭናጫ በሽተኛ ነርስ ሆና ታወቀች፤ ከዚያ በኋላ ነርስ፣ ሠራተኛ፣ መነኩሲት እየሆነች እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ኖረች። የእኔ ቢጤ! ወረቀቶቿን ግን አልበተነችም። በተወለደችበት በሴንት ሉዊስ ከተማ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ይዟቸዋል፤ ለፊልም፣ ለቴሌቪዥንና ለቴአትር መጻሕፍት መግዣ ደግሞ በወላጆቿ መታሰቢያ 2 ሚሊዮን ዶላር ተናዛለታለች። ዕድሜዋን ስትቀንስ ኖራ የተወለደችው በ1910 እ.ኤ.አ. መሆኑ ኋላ ወጣ። እኔም ሁለት ዓመት ሰርቄ ነበር፤ ቅጥር ወረቀቴ ላይ አለ፣ አልፋቅሁትም። እናንተም አትፋቁ።

አንድ የሠራሁበት ቴአትር ቤት ግምጃ ቤቱን ሲያጸዳ ተውኔቶቹን በጆንያ አስወጣቸው። ከሱቅ በርበሬ ገዝቼ ስፈታው የገዛ ቃለ ተውኔቴን አነበብኩ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አልሳቅሁም። ቢሆንም ሰውን ብቻ መውቀስ አልችልም። አንዱን ተወዳጅ ፎቶዬን ራሴ ላሚኔት አስደርጌ አበላሽቼዋለሁ። ሌላውን ከጀርባው በእስክሪብቶ ጽፌበት ቀለሙ ወደ ፊቴ ዘልቋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ስፒሎቹን ንቀሉ፣ ዝገታቸው ወረቀት ይበላል። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ክረምት ላይ ያልበዋል። ፎቶ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹን ስም በቆሙበት ተራ ጻፉ፤ መብራት የሚያበራውንም ልጅ ጭምር። በስልካችሁ ያለው ሺህ ፎቶ ስም የለውም፣ እሱንም አስቡበት። የደብዳቤዎቹን ቅደም ተከተል ደግሞ ለውበት ብላችሁ አታዛንፉ፤ እንደነበሩ ይሁኑ።

ሽልማቱንና የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ይይዝላችኋል። እኔ የምላችሁ ስለ ተጨማደደው ነው።

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ የማይርቀው ወመዘክር፣ የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ጽሑፍ ይሰበስባል። ሐሙስ ከልጅ ልጄ ጋር ሄጄ ሳጥኑን ይቀበሉኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስለ ጥርሱ እርግጠኛ አይደለሁም። ለማንኛውም ፖስታ ውስጥ ከትቼ «የአማቲቱ፣ የላይኛው» ብዬ በእርሳስ ጽፌበታለሁ።