ናሙናውን እንዳለ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር፦ ጥያቄና መልስ

ዴሲ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው የሚሠራው?

በ2004 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከግራሃም ኩክስ ቤተ ሙከራ የወጣ፣ ናሙናን እንዳለ በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) የመመርመሪያ ዘዴ ነው። በኤሌክትሪክ የተሞሉ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች በናይትሮጅን ግፊት ናሙናው ላይ ይረጫሉ። መጀመሪያ ያረፉት ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሞለኪውሎቹ እዚያ ውስጥ ይሟሟሉ። ተከታዮቹ ጠብታዎች ሲመቱት ይፈናጠቃል። መሣሪያው የሚስበው ያን ፍንጣቂ ነው። ናሙናው ራሱ ቫኪዩም (አየር አልባ ክፍል) ውስጥ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ዳርት የሚባለው ሌላው ዘዴስ?

እሱ የሚጠቀመው በኤሌክትሪክ ኃይል የነቃ ጋዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሂሊየም። በሙቀት በቀላሉ ለሚተኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ጎበዝ ነው። ለፕሮቲን ካሰብከው ግን እርሳው።

ደም ውስጥ ያለ መድኃኒት በወረቀት ርጭት (ፔፐር ስፕሬይ፦ ደሙ ከደረቀበት ወረቀት ሹል ጫፍ ወደ መሣሪያው በመርጨት) እለካለሁ። ቁጥሩ ከናሙና ናሙና ይዋዥቃል። ምን አጥፍቼ ነው?

«ዝግጅት አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ስንቱን ሸውዷል መሰለሽ! ክሮማቶግራፊውን ስትተዪ እሱ ይለያየው የነበረው ሁሉ ባንዴ ይመጣል። ጨውና ፎስፎሊፒዱ (የህዋስ ሽፋን ስብ) አዮን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ቅንጣት፣ ለመሆን ከመድኃኒትሽ ጋር ይሻማሉ፤ ምልክቱም ይዋጣል። የሚዋጥበት መጠን ደግሞ ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ይለያያል።

መላው ያንኑ መድኃኒት በዲዩቴሪየም (በከባድ ሃይድሮጅን) የተሠራውን አግኝቶ በታወቀ መጠን መጨመር ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚዋጡ ጥምርታቸው ብዙም አይናወጥም። ታዲያ ደሙ ወረቀቱ ላይ ከመንጠባጠቡ በፊት ቀላቅዪው። ደሙ ከደረቀ በኋላ ከማሟሟያው ጋር ብትጨምሪው፣ የደረቀው ደም ውስጥ ተይዞ የቀረውን መድኃኒት አያካክስልሽም።

የወረቀቱንም ጫፍ እዪ። ሹልነቱ ካልተስተካከለ ርጭቱም አይስተካከልም። እኔ ከመሣሪያው በፊት መቀሱን ነው የምጠረጥረው።

ፓራፊን (ሰም) ውስጥ የቆየ ቲሹ ለዴሲ ይሆናል?

ሊፒድ (ስብ) የምትፈልጉ ከሆነ አልመክርም። ፓራፊኑ ከመግባቱ በፊት ቲሹው የሚታጠብባቸው አልኮልና ዛይሊን አብዛኛውን ሊፒድ አጥበው ወስደውታል። እንደተቆረጠ ወዲያው የቀዘቀዘ ቲሹ ፈልጉ።

ከዴሲ በኋላ ያንኑ የቲሹ ቁራጭ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ የሚረጨው ፈሳሽ ቲሹውን የማያፈርስ ከሆነ። የዳይሜቲልፎርማሚድና የአሴቶናይትራይል ድብልቅ ለዚህ ይሆናል። ሊፒዱን ያነሳል፣ የህዋሱን ቅርጽ ይተዋል። ፓቶሎጂስቱ ካንሰር ነው ያለውን ቦታና የሊፒዱን ካርታ አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ታያላችሁ።

ቀዶ ሕክምና ላይስ ይጠቅማል?

ተሞክሯል። የኤሌክትሪክ ቢላዋ ሥጋ ሲቆርጥ ይጨሳል፤ ጭሱ ውስጥ የቲሹው ሊፒድ አዮን ሆኖ አለ። አይናይፍ የሚባለው ዘዴ ጭሱን በቱቦ ስቦ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይወስዳል። መልሱም ሐኪሙ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ይደርሰዋል።