«ሹምባሽ» የተባለውን ቅድመ አያት ለመፈለግ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅድመ አያትሽ በኢጣሊያ ዘመን ወታደር እንደነበረ፣ በሰፈሩ «ሹምባሽ» ተብሎ ይጠራ እንደነበር፣ ከእሱ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ እንደሆነ፣ ታላላቆችሽን ስትጠይቂ ደግሞ ወሬውን እንደሚያስለውጡሽ ጽፈሻል። በመጨረሻም «ባንዳ ነበር ማለት ነው?» ብለሻል። እኔም በአያቴ ጉዳይ ስድስት ዓመት ያህል ተመላልሻለሁና ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ፤ ቤተሰብሽን ዝም ያሰኘው እሱ ነውና። ባንዳ ዛሬ ለእኛ ከሃዲ ማለት ነው። በኢጣሊያኖቹ ወረቀት ላይ ግን የአንድ ዓይነት ጦር ስም ነበር፤ በአካባቢ አለቃ ወይም በኢጣሊያ መኮንን የሚመራ መደበኛ ያልሆነ ጭፍራ። አስካሪ ከዚህ ይለያል፤ በቁጥር በሚጠራ ሻለቃ ውስጥ የተመዘገበ ደመወዝተኛ ወታደር ነው። በሶማሊያ በኩል ነጭ ጥምጥም የሚጠመጥሙት የድንበር ጭፍሮች ዱባት ይባሉ ነበር፤ የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ደግሞ ዛፕቲየ። ይህን መለየት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስካሪ ከነበረ ሻለቃውን፣ በሻለቃውም በኩል ዘመቻውን መከተል ይቻላል። የባንዳ ጭፍራ ውስጥ ከነበረ ግን በወረቀት የመገኘት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ከሰው አፍ ካልተገኘ ከሌላ አይገኝም።

ሹምባሽ ለአገሬው ተወላጅ የተፈቀደው የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ ነበር። ከሥሩ ቡሉቅባሽ፣ ከዚያ ሙንጣዝ፣ ከዚያ ተራው አስካሪ ይመጣል። የሰፈር ሰው ግን ማዕረግ ሲጠራ ለጋስ ነው፤ ስለዚህ ፎቶውን አምኚ። በክንዱ ላይ የተሰፋውን ማዕዘናዊ መስመር ቁጠሪ፦ አንድ ከሆነ ሙንጣዝ፣ ሁለት ከሆነ ቡሉቅባሽ፣ ሦስት ከሆነ ሹምባሽ ነው። ወገቡ ላይ የታጠቀው መቀነትና የታርቡሹ (የቆቡ) ዘርፍ የሻለቃው መለያ ቀለም ነበራቸው። ለምሳሌ በአምባ አላጌ በሞተው በኢጣሊያዊው መኮንን በቶዘሊ ስም የተሰየመው 4ኛው ሻለቃ ጥቁር መቀነት ነበረው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ግን ቀይም ጥቁር መስሎ ይወጣል፤ በዚህ ብቻ ሻለቃ እንዳትወስኚ። ደረቱ ላይ ሜዳይ ካለ ግን ፎቶውን በከፍተኛ ጥራት አስነሺና አጉልተሽ እይው። የእኔን ታሪክ የገለበጠው ሜዳይ ነው።

እኛ ከአጋሜ ነን፤ እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አስካሪ አያቴ እንደሆነ ሲነገረኝ ኖሬአለሁ። አባቴ «በ28 ነው የገባው» ይል ነበር። አክስቴ ደግሞ ቤተሰቡ ለቅሶ ሲቀመጥ ይወርድ የነበረ የትግርኛ ሙሾ ታስታውስ ነበር፤ በውስጡ «ትሪቡሊ» የሚል ቃል አለ። ትሪቡሊ ማለት ትሪፖሊ ነው፤ የሊቢያ ዘመቻ። ሁለቱን አገናኘሁና አያቴን በ1928 ሊቢያ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 አስካሪዎች በእርግጥ ሊቢያ ስለነበሩ ነገሩ ገጠመልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሄድኩ።

አባቴ ያለው ግን በእኛ 1928 ነው፤ መስከረም 22 ቀን ኢጣሊያ መረብን ተሻግራ የወረረችበት ዓመት፤ በእነሱ 1935። ይህን ስህተት ሌሎችም ሲሠሩት አይቻለሁና ካንቺ ይራቅ። ቤተሰብ የነገረሽን ዓመት ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ። የዚያ ዘመን የኢጣሊያ ሰነዶች ላይ ሦስተኛ አቆጣጠርም ታገኛለሽ፤ ከጥቅምት 1922 እንደ እነሱ አቆጣጠር የሚጀምር የፋሺስት ዓመት፣ በሮማ ቁጥር የሚጻፍ። 14ኛ ዓመት የሚል ካየሽ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ማለት ነው።

ወደ ሜዳዩ ልመለስ። ፎቶውን አጉልቼ የሜዳይ ነገር ለሚያውቁ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው። የሊቢያ ዘመቻዎች መታሰቢያ ሜዳይ ነው አሉኝ፤ ጥብጣቡ ላይ ዓመት የተቀረጸበት ትንሽ ብረት አለ፣ ቁጥሩም 1913 ይላል። የዚያን ዕለት ማታ ለአክስቴ ደወልኩና አያቴ መቼ እንደተወለደ ጠየቅኋት። «የሰገሌ ጦርነት ሲሆን አራስ ነበር ይባላል» አለችኝ። ሰገሌ ጥቅምት 1909 ነው፤ በእነሱ 1916። ከመወለዱ ሦስት ዓመት በፊት ሊቢያ ሊዘምት አይችልም።

ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ ትልቁ ይሆናላ» አለች። አያቴ ታላቅ ወንድም እንደነበረው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ትሪቡሊ ሄዶ አልተመለሰም። እናቱ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፣ ሙሾውም ለእሱ ወረደ፤ ታናሹም በተራው ሲገባ ሁለቱ በቤተሰቡ ትዝታ ውስጥ ቀስ በቀስ አንድ ሰው ሆኑ። አንቺም የምትፈልጊው «ሹምባሽ» አንድ ሰው መሆኑን ሳታረጋግጪ ወደ መዝገብ ቤት አትሂጂ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የወንድሞቹን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን አጥቢያ ሳይቀር ሰብስቢ። ዓመት አልታወቅ ካለ የትኛው ጦርነት፣ የትኛው በሽታ፣ የትኛው ረሃብ ጊዜ እንደሆነ ጠይቂ።

ታላላቆችሽን ስትጠይቂ «ባንዳ ነበር ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። «እናቱ ማን ነበረች? ሲሞት ማን አለቀሰ? ምን ተብሎ ተለቀሰለት?» ብለሽ ጀምሪ። ሙሾና ፉከራ ሰው በወግ የማይናገረውን ስምና ቦታ ይዘው ይቀራሉ። አሁኑኑ ድምፃቸውን ቅጂ። የእኔ አክስት ያን ስልክ ካነሳች በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየችም።

ሮም ስትጽፊ (አንቺ ቦሎኛ ስለሆንሽ በአካል ብትሄጂ ይሻላል) የሚጠቅሙሽ ቦታዎች የኢጣሊያ ጦር ኃይል የታሪክ ቢሮና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ መዝገብ ቤት ናቸው፤ የቀድሞው የኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር ሰነዶች በሁለተኛው ይገኛሉ። በ1928 ብቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ኤርትራውያን አስካሪዎች እንደዘመቱ ስለሚገመት በስም ብቻ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። በሻለቃዎች የዘመቻ ማስታወሻ ውስጥ ተራው አስካሪ በስሙ የሚነሳው ሲሞት፣ ሲቆስል ወይም ሲሸለም ነው። ስለዚህ ከሽልማት መዝገቦች መጀመር ይበጃል፤ የጀግንነት ሜዳይ የተሰጠው ሰው ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ሻለቃው፣ ቦታውና ቀኑ አብረው ይጻፋሉ።

ስሙን እነሱ እንዴት እንደሚጽፉት ማወቅ አለብሽ። የ«ወ» ድምፅን በ«ኡ» ፊደላቸው ስለሚጽፉ ወልደ ሚካኤልን በ«ወ» ተራ ፈልገሽ አታገኚውም። «ሸ»ን በሁለትና በሦስት ፊደል ነው የሚያስቀምጡት፤ ገብረ የሚለው ላይ ከ«ገ» ቀጥሎ የማይነበብ «ሀ» ይጨምራሉ። እኔ የአንድን ሰው ስም በዘጠኝ ዓይነት አጻጻፍ ዘርዝሬ ነበር የያዝኩት፤ የተገኘው በሰባተኛው ነው። ሌላም አለ፦ ከ1928 ወረራ በኋላ ኢጣሊያኖች ትግራይን ከኤርትራ ግዛት ጋር ስለቀላቀሉ «ኤርትራዊ» የሚል ጽሑፍ ሰውየው የግድ ከመረብ ማዶ ነው ማለት አይደለም። የጥንቱን ወሰን በልብሽ ይዘሽ አንብቢ።

«እኔ ፋይሉን አውጥቼ አመጣልሻለሁ» ለሚልሽ ሰው ገንዘብ እንዳትሰጪ። እኔ ሰጥቼ ገንዘቡም ፋይሉም ቀርቷል።

ከኢጣሊያ ወረቀት ጎን ለጎን የአርበኞችን ወገን ሳትመለከቺ አታቁሚ። ብዙዎች ይህን የሚተዉት አስካሪ የነበረ ሰው እዚያ ሊገኝ አይችልም ብለው ስለሚያስቡ ነው። ስንት አስካሪዎች ከነጠብመንጃቸው ከድተው ወደ ሸዋ አርበኞች ገብተዋል! የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት አንዱ አብርሃ ደቦጭ ለኢጣሊያኖች ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የእኔ አያት በ1928 ገባ፣ በ1930 ከዳ፤ ባለ ሦስት ዘንባባ የአርበኝነት ሜዳዩን ያገኘሁት አዲግራት ባለ የአጎቴ ልጅ ሣጥን ውስጥ፣ ከኢጣሊያ ወረቀቱ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። እሱ ራሱ አንዱን ጥሎ ሌላውን አላስቀረም፤ እኔም ሁለቱን አብሬ ነው ያቆየሁት።

ግን ተጠንቀቂ፤ የቤተሰብ ፍቅር ሁሉን ሰው «የውስጥ አርበኛ» ያደርጋል። በእርግጥ የነበሩ ብዙ ናቸው፤ ለኢጣሊያኖች እየሠሩ ለዱር አርበኞች ጥይትና ወሬ ያቀበሉ። ለቅድመ አያትሽ ይህን ስም የምትሰጪው ግን ሜዳይ፣ ደብዳቤ ወይም ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ምስክር ስታገኚ ይሁን። እስከ መጨረሻው በኢጣሊያ ሰንደቅ ሥር ተዋግቶ ከሆነም እሱን ጻፊው። መጋቢት 18 ቀን 1933 ከረን ስትወድቅ ወይም ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር እጅ ስትሰጥ በዚያ ወገን የነበሩ ሰዎች ልጆችም ልጆቻችን ናቸው፤ ማወቅ ይገባቸዋል።

ወሬው በ1933 ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ ከረን ያለውን የኢጣሊያ መካነ መቃብር አስቢ። በስማቸው የተቀበሩ አስካሪዎች አሉ፤ «ያልታወቀ አስካሪ» የሚል ድንጋይም ብዙ ነው።

አሁን የፎቶውን ፊትና ጀርባ በጥራት አንሺና ላኪልኝ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ በጣም ይጠቅማል፤ አስመራ፣ ከረን ወይም ሊቢያ መነሳቱን ከዚያ ማወቅ እንችላለን። እኔም የአያቴን ታላቅ ወንድም እስካሁን እየፈለግሁ ነው። ሻለቃውን አግኝቻለሁ፤ የተቀበረበትን ግን አላገኘሁም።