በፉጨት የተከፈተ መስመር

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የቤታችንን የዋይፋይ ሳጥን ፈታቶ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶት አገኘሁት። ስቆጣው፣ «ሃኪንግ እኮ የተጀመረው አንድ ዓይነ ስውር ልጅ በፉጨት ስልክ ጠልፎ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር እውነት ነው? ካቻቢቴውን ቀምቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ልጄ ሌባ እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ።
(ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የፉጨቱ ታሪክ እውነት ነው። ጀማሪው እሱ ብቻ ነው ማለት ግን ያስቸግራል፤ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ሞዴል የሚገጣጥሙ ተማሪዎች «ሃክ» (የአንድን ነገር አሠራር በብልሃት መነካካት) የሚለውን ቃል ቀደም ብለው ይጠቀሙበት ነበር። እኔ የስልክ ቴክኒሻን ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ የፉጨቱን ልጅ ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ጆ ኢንግሬሲያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ተወለደ፤ ከውልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ገና ሕፃን ሳለ የስልኩን ቁጥር ማዞሪያ ሳይነካ መደወል ቻለ። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ጎረቤታችን ስልኩ እንዳይነካበት ማዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። እኛ ልጆቹ ቁልፉን ትተን እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ እንመታ ነበር፤ ለ5 አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ ቀጣዩ ቁጥር። ማዞሪያውም ሲመለስ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ መስመሩን በቁጥሩ ልክ ቆረጥ ቀጠል ያደርገዋል።

ጆ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ቀን እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የተቀዳ መልእክት እየሰማ ያፏጫል። መልእክቱ ቀጥ አለ። ደግሞ ደውሎ ያንኑ ቃና አፏጨ፤ አሁንም ቀጥ አለ። ይህ ልጅ የሰማውን ቃና ሳያዛባ መልሶ የማውጣት ተሰጥኦ ነበረው፤ ያገኘውም 2600 ኸርዝ (በሰከንድ 2600 ጊዜ የሚርገበገብ ቃና) ነው፣ በፒያኖ ቀኝ ጫፍ አካባቢ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ።

ለምን ሠራ? በዚያ ዘመን የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የቤል የርቀት መስመሮች ሥራ ሲፈቱ ያለማቋረጥ 2600 ኸርዝ ያሰማሉ፤ «ባዶ ነኝ» ማለታቸው ነው። ሰው በነፃ የሚደወልበት ቁጥር ደውሎ መሃል ላይ ያንን ቃና ካፏጨ፣ ማዶ ያለው የስልክ ጣቢያ ደዋዩ የዘጋ ይመስለዋል። ፉጨቱ ሲቆም ደግሞ አዲስ ጥሪ የመጣ መስሎት ቁጥር ይጠብቃል። ሂሳብ የሚመዘግበው የደዋዩ ጣቢያ ግን የመጀመሪያው ነፃ ጥሪ እንደቀጠለ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወዲያ ወደ ፈለጉበት መደወል ነው። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የሰዎች ወሬና የማሽኖች ትእዛዝ በአንድ ሽቦ እንዲሄዱ መደረጋቸው ነው። በመስመሩ ላይ የሚናገር ሁሉ ማዘዝም ይችል ነበር። ኩባንያው ቁጥር የሚላክባቸውን ቃናዎች ዝርዝር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960 በቴክኒክ መጽሔቱ አትሞታል።

ከዚያማ ነገሩ ተዛመተ። ጆን ድሬፐር በቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ ይገኝ በነበረ የልጆች ፊሽካ ያንኑ ቃና አወጣ። ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ የኮምፒውተር ኩባንያውን አፕልን ከመመሥረታቸው በፊት ቃናዎቹን የምታወጣ ትንሽ ሣጥን፣ «ሰማያዊ ሣጥን» የተባለችውን፣ እየሠሩ ሸጠዋል። ቤል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ትእዛዙን ከድምፁ ለይቶ በሌላ መስመር መላክ ሲጀምር፣ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ሰሚ አጣ።

የርስዎን ፍርሃት አልንቀውም። ሳይከፍሉ መደወል ስርቆት ነው፤ ጆም እ.ኤ.አ. በ1971 ሜምፊስ ከተማ ታስሯል። ዩኒቨርሲቲ እያለም ለተማሪዎች እያፏጨ በማስደወሉ ተቀጥቷል። ነገር ግን የዚህን ሰው ሕይወት ሳይ ሌባ አይታየኝም። ስልክን የሚወድ፣ በጨለማው ዓለም ውስጥ ድምፅ ያገኘ ልጅ ነው የሚታየኝ። በኋላ የስልክ ኩባንያ ቀጥሮት ብልሽት ሲፈልግ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1991 ስሙን በሕግ «ጆይባብልስ» አስብሎ፣ ደውሎ ለሚያዳምጥ ሁሉ በስልክ ተረት ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈ።

ዛሬ ሰው የሚዘርፉት ደግሞ ካቻቢቴ የማያውቁ ናቸው። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን በቴክስት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላሉ፣ በቃ። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣብዎ ቁጥሩን ሳይናገሩ ይዝጉ፤ ለልጅዎም ይህንኑ ያስረዱት፤ ለእናቱ ዘብ መቆም ያስደስተዋል።

ካቻቢቴውን ይመልሱለት። የቤቱን ዋይፋይ ሳይሆን የተበላሸ አሮጌ ሬዲዮ ይስጡት፤ ሶኬቱ ሳይነቀል አንድም ብሎን እንዳይነካ ቃል ያስገቡት። ሲፈታው አጠገቡ ይቀመጡና እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ያስረዳዎት። ካቃተው በዚሁ አምድ ይጻፍልኝ፣ እመልስለታለሁ።